በጋሽ ቀናው በር ላይ ያለው ቁጥር

ጋሽ ቀናው እንቁላል ሲገዙ ያየ ሰው፣ ልጃቸውን ለመዳር ምን ያህል እንደሚያስቸግሩ መገመት አያቅተውም። እንቁላሉን ጆሯቸው ሥር አድርገው ይነቀንቁታል፤ ወደ ፀሐይ አንስተው ያዩታል፤ ከዚያ ሌላ ያነሱና ሁለቱን በሁለት እጃቸው እየመዘኑ ባለሱቋን አደሴን ትክ ብለው ያይዋታል። "ይኼኛው ለምንድነው የሚቀለው?" ይላሉ። አደሴ ሌላ እንቁላል ታቀብላቸዋለች።

እኔ ፍቅሩ ነኝ፤ ሰፈሩ "ፍቅሩ ጎሚስታው" ይለኛል። ጎማ የምጠግንባት ቦታዬ ከጋሽ ቀናው የላሜራ በር ፊት ለፊት ስለሆነች፣ ሲወጡም ሲገቡም አያቸዋለሁ። እሳቸውም እኔን ያዩኛል። ጎማ ስነፋ ከኋላዬ ቆመው መለኪያውን ያነቡና፣ "ይኼ ነገር ልክ መሆኑን ማን ነገረህ?" ይሉኛል። ድሮ ያናድደኝ ነበር። አሁን አሁን ግን፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እሳቸው ያላዩትን ጎማ ለደንበኛ ስሰጥ ልቤ አያርፍም።

ተጠራጣሪነቱ ዝም ብሎ ከሰማይ አልወረደባቸውም። ከወጣትነታቸው እስከ ጡረታ እዚሁ አቃቂ ካሉት ጨርቃጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ከሥሩ መብራት በተገጠመለት ጠረጴዛ ላይ ጨርቁ እየተጎተተ ያልፋል፤ እሳቸው ቆመው እንከን ይፈልጋሉ። የተበጠሰ ክር፣ የዘይት ጠብታ፣ ቀዳዳ። ሲያገኙ በጨርቁ ጠርዝ ላይ በጠመኔ አጭር መስመር ያሰምራሉ። ጨርቁን አይነኩትም፤ የሚጠግነው ሌላ ሰው ነው። "እንከን የሌለው ጣቃ ያለፈኝ ቀን ዓይኔ እንደደከመ አውቄ እረፍት እጠይቅ ነበር" ብለውኛል። እንግዲህ ዕድሜውን በሙሉ እንዲህ ሲያይ የኖረ ሰው፣ ጡረታ ሲወጣ ዓይኑን ፋብሪካው ውስጥ ትቶት አይመጣም።

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሳቸውና እምነት ብቻ ናቸው። እምነት አንድ ልጃቸው ናት፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። አባቷን ትወዳለች፣ ትከራከራለች፣ ሲብስባት ደግሞ እኔ ጋ ትመጣና ያረጀ ጎማ ላይ ትቀመጣለች። ጃለታ የመጣው እዚህ ቤት ላይ ነው።

ጃለታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ቤተሰቦቹ ገላን ላይ ኮንዶሚኒየም ከመሠራቱ በፊት እዚያው አካባቢ ያርሱ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ አሁን አባቱ ከብት ያደልባሉ፣ አጎቱ አቶ ቢራ የጭነት መኪና ይነዳሉ። ልጁ ሰላምተኛ ነው። ጋሽ ቀናው እሱን መጠርጠር የጀመሩት ከሰላምታው ነው።

"ሰው በየጠዋቱ እንዲህ ጎንበስ ብሎ ሰላም የሚለኝ ምን ፈልጎ ነው?" አሉኝ።

"ልጅዎን ነዋ ጋሼ" አልኳቸው።

"እሱንማ አውቃለሁ። ከዚያ ሌላ?"

ከዚያ ሌላ የሚፈልገውን ለማወቅ በሚኒባስ ተሳፍረው ገላን ድረስ ሄዱ። በሬ የሚገዛ ሰው መስለው ሻይ ቤት ተቀመጡ፤ ስለ ከብቶቹ እየጠየቁ ወደ ሰዎቹ ዞሩ። ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሯል። አንድም ክፉ ነገር የነገራቸው ሰው አልነበረም። "ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚያወራው" አሉኝ። "ይኼ ደግሞ አስቀድሞ የተማከረ ሰው ንግግር ነው።" ንስሐ አባቱ ማነው፣ ሌላ ቦታ ሚስት ቢኖረውስ፣ ለምን ይስቃል፣ ለምን ሌላ ጊዜ አይስቅም እያሉ አንድ ክረምት አለፈ።

ጥምቀት እንዳለፈ እምነት እኔ ጋ መጣችና በተለመደችው ጎማ ላይ ተቀመጠች።

"ጋሽ ፍቅሩ፣ ሽማግሌ ሊልኩ ነው" አለችኝ። "አንተ አብረሃቸው ግባ፤ አባዬን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ጾም ከመግባቱ በፊት እሺ ካለ በሥርዓት እንጋባለን። እምቢ ካለ ግን ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረማለን። ያን ጊዜ እሱ ራሱ ካልጠራኝ በሩን አልረግጥም።"

"ብቻቸውን ትተሻቸው?" አልኳት።

ዓይኗ ውኃ ሞላ፤ ግን የተናገረችውን አልመለሰችም። የአባቷ ልጅ ስለሆነች እንደምታደርገው አመንኩ። ያን ቀን ጎማ ስጠግን እጄ ሥራ ላይ፣ ሐሳቤ ግን በሩ ላይ ነበር፤ ጋሽ ቀናው እዚያ ላሜራ በስተጀርባ ብቻቸውን የራሳቸውን እንቁላል ሲነቀንቁ ታየኝ።

ሦስት ሆነን ሄድን። እኔ፣ ከባቡር ጡረታ የወጡት አቶ ወልደሰንበት፣ እና አቶ ቢራ። እንደ ወጉ ቆመን ሰላምታ ሰጠን፤ ተቀመጡ እስክንባል ጠበቅን። አቶ ወልደሰንበት ሳሪስ አቦ ሲያስቀድሱ የኖሩ፣ ቃል የማይጠፋቸው ሰው ናቸው፤ ልጅዎን ለልጃችን ብለው አሳምረው ተናገሩ። ጋሽ ቀናው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ከዚያ፣ "እኔ ሰዎቹን አላውቃቸውም፤ ለማላውቀው ሰው ደግሞ ልጅ አይሰጥም" አሉ። እስከዚህ ድረስ የጠበቅነው ነው።

ያልጠበቅነው አቶ ቢራን ነበር። ደግ ሰው ናቸው፤ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ሊያሞቁት ፈለጉ። "ኧረ እኛ ያን ያህል ባዕድ አይደለንም አቶ ቀናው" አሉ ፈገግ ብለው። "የአባታችን እናት እኮ ከቡልጋ የመጣች ናት። የእርስዎም እናት የቡልጋ ሰው ነበሩ ሲሉ ሰምቻለሁ።"

አቶ ወልደሰንበት ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት፣ ማለትም እስከ ሰባት ትውልድ፣ የሚገናኝ ዘመድ አይጋባም። በአቶ ቢራም ወገን እንዲሁ ነው፤ ግን ሰውየው እንግድነቱን ለማጥፋት ሲቸኩሉ ይኼን ረሱት። ለጋብቻ ሄዶ ዘመድ ነን ማለት፣ ጎማ ለማስጠገን ሚስማር ይዞ እንደመምጣት ነው።

የጋሽ ቀናው ዓይን በራ። "ዘመድ ነን እያሉኝ ነው?" አሉ በጣም በቀስታ።

አቶ ቢራ ወዲያው ገባቸው፤ ቡልጋ ሰፊ አገር ነው፣ እንዲያው ለጨዋታ ነው ብለው ሊመልሱት ሞከሩ። አልተመለሰም። ዘር ይቆጠር ተባለ። ጋሽ ቀናው የአባታቸውን ወገን እስከ ሰባት በአንድ ትንፋሽ ጠሩ። አቶ ቢራም የነሱን ጠሩ፤ እንዲያውም ከሰባት አልፈው ሄዱና እኛ ነን ያስቆምናቸው። የሚገናኝ ስም አልነበረም። "የተቆጠረው የአባት ነው" አሉ ጋሽ ቀናው። "የቡልጋዋ ሴትዮ ወገን አልተቆጠረም። ሂዱና ተመለሱ።"

እንዲህ ሆኖ ነው ጃለታ በአንድ ቀን ከባዕድነት ወደ ዘመድነት የተዛወረው። ባዕድ ሳለ ማንነቱ አይታወቅም ተብሎ ተጠረጠረ፤ ዘመድ ሲሆን ደግሞ አይገባም ተብሎ። አቶ ወልደሰንበት ቡልጋ ድረስ ሰው ልከው አስጠየቁ። የሁለቱ ሴቶች አጥቢያ የተራራቀ ነው፣ የሚያገናኛቸው ሰው አልተገኘም የሚል መልስ መጣ። ለሁለተኛ ጊዜ ሄደን ይኼንኑ ስንነግራቸው ጋሽ ቀናው ራሳቸውን ነቀነቁ። "አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም" አሉ። "እኔ ያላየሁት ቀዳዳ ያለበት ሸሚዝ የለበሰ ሰው ስንት እንዳለ አታውቁም።" ባዶ እጃችንን ወጣን።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። እምነት አባቷን በራፉ ላይ አስቁማ ስታነጋግር ከቦታዬ ሆኜ እሰማለሁ፤ እንድሰማም ነው መሰለኝ ድምጿን ከፍ አድርጋለች።

"አባዬ፣ ሰባተኛው ቤት ላይ ስንት ሰው አለህ?"

"አንድ ነዋ። ጠራሁልሽ እኮ።"

"ወላጅ ሁለት ነው። አያት አራት። ቅድመ አያት ስምንት። በየቤቱ እጥፍ እየሆነ ሰባተኛው ላይ መቶ ሃያ ስምንት ሰው ይሆናል። አንተ የምታውቀው ከነዚያ አንዱን ነው። እማዬን ስታገባ የቀሩትን መቶ ሃያ ሰባት አጣርተህ ነበር?"

"እናትሽ ሌላ ናት" አሉ።

"እሺ፣ ወደ ላይ ቀጥል። ሠላሳ ቤት ውጣ። ስንት ይደርሳል መሰለህ? አንድ ቢሊዮን ሰባ ሦስት ሚሊዮን ሰባት መቶ አርባ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሃያ አራት።" ቃል በቃል፣ ተማሪ ፊት እንደቆመች ነው የጠራችው። "ሠላሳ ቤት ማለት ሰባት መቶ ምናምን ዓመት ነው። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ቢሰበሰብ የዚህን ግማሽ አይሞላም ይላሉ ያጠኑት።"

"እንግዲያው ቁጥርሽ ውሸት ነው።"

"ቁጥሩ ልክ ነው። ሰዎቹ የተለያዩ ናቸው ማለታችን ነው ስህተቱ። ያው ሰው በአንተም በኩል፣ በጃለታም በኩል፣ በአደሴም በኩል ተደጋግሞ ይቆጠራል። ሁሉም ዘመድ ነው አባዬ። ሰባት ላይ ያቆሙት ዝምድናው እዚያ ስላለቀ አይደለም፤ ካላቆሙ ማንም ማንንም ስለማያገባ ነው።"

ጎማውን ትቼ ቀና አልኩ። ጥሩ ነገር ተናገረች ብዬ ጋሽ ቀናውን አየኋቸው። እሳቸው ግን ሌላ ነገር ላይ ነበሩ።

"ይኼን ቁጥር ከየት አገኘሽው?"

"በስልኬ አሰላሁት።"

"ስልክሽን የሠራው ማነው?"

እምነት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ውስጥ ገባች። ጋሽ ቀናው ደግሞ ወደ እኔ መጡ። የተበሳ ጎማ ላይ ቀዳዳውን የማመለክትበት ጠመኔ አለኝ፤ እሱን ጠየቁኝና ሰጠኋቸው። በራቸው ላይ፣ ከላይ በኩል፣ "ቀናው" ብለው ጻፉና አጠገቡ አንድ አደረጉ። ከሥሩ ሁለት። ከሥሩ አራት። በልጅነታቸው በተማሩት የእጅ ሒሳብ እጥፍ እያደረጉ ቁልቁል ወረዱ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ከሰውየው ትከሻ በታች ቁጥሩ እየሰፋ፣ መስመሩ እየረዘመ የበሩን ግማሽ ይዞ ነበር። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ያገኙት 991,821,824 ሆነ።

"ቢሊዮን እንኳ አይሞላም!" ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። "አላልኩህም ፍቅሩ? ልጄን ሳይቀር አሳስቷታል።"

እሳቸው ይኼን ሲሉ ሰፈሩ ሌላ ነገር እያለ ነበር። እኛ ሰፈር በር ላይ ቁጥር ተጽፎ ሲታይ ሰው ሒሳብ ነው ብሎ አያስብም። ሊፈርስ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ቁጥሩ የትም የማይታወቅ ረጅም ከሆነ ደግሞ ባሰ። አደሴ ሱቋን ክፍት ትታ እየሮጠች መጣች። "ጋሽ ፍቅሩ፣ መቼ ነው ምልክት ያደረጉት? እኔስ አለሁበት?" አለችኝ። ጋሽ ቀናው ራሳቸው ናቸው የጻፉት ብላት አላመነችኝም፤ ዝም እንድል የተነገረኝ መሰላት። እስከ እሁድ ከሰዓት ወሬው መንደሩን አዳረሰ። አንዱ የጓሮ ቆርቆሮውን ሳይቀድሙኝ ብሎ መፍታት ጀመረ። ሌላው ትልቁ ቁጥር የካርታ ቁጥር ነው፣ ትናንሾቹ የሚፈርሱት ቤቶች ናቸው ብሎ ሲያስረዳ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ቀናው ከበራቸው ወጥተው የተሰበሰበውን ሰው አዩ። "ምንድነው?" ብለው ጠየቁ፤ ነገሯቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ፤ ዘወር ብለው የራሳቸውን ጽሑፍ ማየት ጀመሩ። እኔ ነኝ የጻፍኩት ብለው ለሰው እየነገሩ፣ እያንዳንዱን ቁጥር በጣታቸው እየተከተሉ መረመሩት። የሰፈር ሰው ሁሉ ካመነበት ነገር ውስጥ የሆነ እውነት ሳይኖር አይቀርም ብለው መጠርጠራቸው ነው።

መካከል ላይ ጣታቸው ቆመ።

"ይኼን እኔ አላደረግኩትም" አሉ።

ከአንዱ ረድፍ ዳር፣ ከላሜራው ጠርዝ ላይ፣ አጭር የጠመኔ መስመር ነበር። አደሴ "ምልክቱ!" ብላ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ከኋላ ያሉት ገፉ። ጋሽ ቀናው ግን አጎንብሰው ያችን መስመር ከቅርብ አዩ፤ ራቅ ብለው አዩ፤ ተመልሰው አዩ። ቀጥሎ ረድፉን አነበቡ። ከላይ 65,536 ነው። ሲታጠፍ እሳቸው 121,072 ብለው ጽፈዋል። አፋቸው እየተንቀሳቀሰ እንደገና እጥፍ አደረጉት። 131,072 ነው መሆን ያለበት። ከዚያች በታች ያለው ሁሉ የተሳሳተ ነው።

ሰውን ሁሉ ትተው ወደ ውስጥ ገቡና በሩን ዘጉ። የሰፈሩ ሰው ይኼን እንደ መርዶ አይቶ ተበተነ።

እኔ መስመሯን ያሰመረውን አይቻለሁ። እሁድ ጠዋት ጃለታ ጓደኛው የሚነዳውን ባጃጅ ጎማ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ስጠግንለት እሱ ቆሞ በሩን ያነባል። ድንገት ከሳጥኔ ላይ ጠመኔ አነሳ፤ መንገዱን ግራና ቀኝ አየ፤ ተሻገረና ያችን ቁራጭ መስመር አሰመረ፤ ጠመኔውን መለሰልኝ። "ተሳስተዋል እንዴ?" አልኩት። "አንዲት ቦታ ብቻ" አለ። "ለምን አላስተካከልክላቸውም ታዲያ?" ብዬ ጠየቅኩት። የመለሰልኝን ለራሴ ያዝኩት። በሬን ነካብኝ ይላሉ፣ በስህተቴ ሳቀ ይላሉ ብዬ ፈራሁ። ጋሽ ቀናው ሳምንቱን ሙሉ እኔን፣ እምነትን፣ አደሴን፣ ውኃ የሚያመላልሰውን ሰውዬ ሳይቀር ሲመረምሩ ከረሙ። ሁላችንም ካድን፤ ከመካከላችን የዋሸሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ።

እየመረመሩም ሒሳቡን አልተዉትም። ከስህተቱ በታች ያለውን በሙሉ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ ጠመኔዬን ተውሰው እንደገና ጻፉ፤ እምነት በአፏ የጠራችው ቁጥር ወጣ፣ 1,073,741,824። ልክ መሆኑ ደግሞ አላስደሰታቸውም። ከታች ወደ ላይ በግማሽ እየከፈሉ ተመለሱ፤ ያለ አንዳች ትርፍ አንድ ላይ ደረሰ። ይኼን ያህል ንጹሕ ነገር አይተው ስለማያውቁ በሌላ ቁጥር ያካፍሉት ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት እኔ ጋ መጥተው ያረጀው ጎማ ላይ፣ የእምነት ቦታ ላይ ተቀመጡ።

"ፍቅሩ፣ አንድ የገረመኝ ነገር አለ" አሉ። "በሦስት አካፈልኩት፤ አንድ ይተርፋል። በሰባት አካፈልኩት፤ አንድ ይተርፋል። በዘጠኝም አንድ። በአሥራ አንድም አንድ። አምስት ብቻ ነው አራት ያተረፈብኝ። ለመሆኑ ያ በየሄድኩበት የሚተርፈው አንድ ሰው ማነው?"

"ቁጥር ነው እኮ ጋሼ፤ ሰው አይደለም" አልኳቸው።

"እሷ ሰው ነው ብላኛለች። ቢሊዮን ሰው ተሰብስቦ፣ ተከፋፍሎ ሲያልቅ ሁልጊዜ አንዱ ብቻውን ይቀራል።" በራቸውን አሻግረው አዩ። "ጾም የሚገባው ሰኞ አይደል?"

አዎ አልኳቸው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰውየው የሚጠረጥሩት ጃለታን አልነበረም። ልጅቷ ስትወጣ የሚመጣውን ዝምታ ነው ሲጠረጥሩት የከረሙት፤ በእሱ ደግሞ አልተሳሳቱም። አሳዘኑኝ፤ ሻይ አዘዝኩላቸው። ሻዩንም ስኳሩ ስንት ነው ብለው ጠየቁ።

የመጨረሻው እሁድ ደረሰ። ሦስታችን እንደገና ገባን፤ አቶ ቢራ አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ አቶ ወልደሰንበት በመንገድ ላይ አስምለዋቸዋል። እምነት ጓዳ በር ላይ ቆማለች። ገና ሳንቀመጥ ጋሽ ቀናው እጃቸውን አነሱ።

"አስቀድሜ የምጠይቀው አለ" አሉ። "በሬ ላይ ያችን መስመር ያሰመረው ማነው? ከእናንተ አንዱ ያውቃል። ካልተነገረኝ ስለ ሌላው ነገር አንነጋገርም።"

አቶ ወልደሰንበት አቶ ቢራን አዩ፤ አቶ ቢራ ጣሪያውን አዩ። መሐላ ላይ ናቸው። እኔ ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፤ እምነትን ሳያት ግን አልቻልኩም።

"ጃለታ ነው" አልኩ።

ጋሽ ቀናው ደማቸው ወደ ፊታቸው መጣ። "ስህተቴን አይቶ ከሆነ ለምን አጥፍቶ አላስተካከለውም? ሰው እንዲስቅብኝ ነው?"

"እኔም ጠይቄው ነበር ጋሼ" አልኳቸው። "ያለኝን ልንገርዎት። 'እምነት ነግራኛለች፤ እሳቸው እንከን ሲያገኙ ጠርዙ ላይ ያመለክታሉ እንጂ በሰው ሥራ እጃቸውን አያስገቡም። እኔም በሳቸው ሥራ እጄን አላስገባም' ነው ያለኝ።"

"ማን እያየው?"

"ማንም። እኔም ያየሁት አሰምሮ ሲመለስ ነው" አልኩ። ይህች የመጨረሻዋ ትንሽ ውሸት አለባት፤ ይቅር ይበለኝ።

ጋሽ ቀናው እጃቸውን አዩ። የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት አመልካች ጣታቸውን ያሻል፤ የጠመኔ ዱቄት የሚያራግፉ ይመስል። "እኔ ጋ ሲሠሩ ከነበሩት ውስጥ" አሉ በመጨረሻ፣ "ይኼን የለመደልኝ ሰው አልነበረም። ወይ አይቶ ዝም ይላል፣ ወይ ራሱ ነካክቶ ያበላሸዋል።" ወደ አቶ ቢራ ዞሩ። "አቶ ቢራ፣ ዘመድ ነን ብለውኝ ነበር። ቆጥሬ ደረስኩበት፤ እውነትዎን ነው። ግን ሩቅ ነው። ልጄን ሰጥቻለሁ።"

አቶ ቢራ መሐላቸውን ረስተው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ተነስተን ተቃቀፍን፤ አቶ ወልደሰንበት መረቁ። እምነት ጉልበት ስማ ስትነሳ ፊቷ በእንባ ርሷል። ጋሽ ቀናው ግን እጇን ያዙና ወደ ውጭ፣ ወደ በሩ ወሰዷት። እኔም ተከተልኩ፤ የአባትና የልጅን ነገር ሳይቀር መከታተል ልማድ ሆኖብኛል።

"አንቺ የሒሳብ አስተማሪ ነሽ" አሏት። "በሦስትም፣ በሰባትም፣ በዘጠኝም ባካፍለው አንድ ይተርፋል። የሚተርፈው እኔ ነኝ፤ አይደል? ንገሪኝ፤ አልቀየምም።"

እምነት በሩን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ፣ ከሁሉም በላይ ያለውን "ቀናው" የሚለውን ስም ጠረገችው። አጠገቡ ያለው አንድ ባለቤት የሌለው ሆኖ ቀረ።

"ምን አደረግሽ?" አሉ ደንግጠው።

"መቁጠር የጀመርከው ከራስህ ስለሆነ ነው አባዬ" አለች። ጣቷን ወደ ታች አወረደች። "ሁለቱ ላይ እኔና ጃለታ ነን። አራቱ ላይ አንተ አለህ፤ እማዬ አለች፤ የጃለታ አባትና እናት አሉ። አንተ የምትተርፈው አይደለህም። ከአራቱ አንዱ ነህ።"

ጋሽ ቀናው አራቱን አጎንብሰው አዩት። እዚያ ውስጥ ባለቤታቸውን የፈለጉ መሰለኝ፤ ቀስ ብለው በጣታቸው ነኩት፣ እንዳይጠፋ ተጠንቅቀው። "ያም ሰውዬ እዚሁ ጎኔ ነው?" አሉ።

"እዚሁ ጎንህ ነው።"

"አንዱስ? ከላይ ያለው?"

"እሱ ገና አልመጣም" አለች።

ጋሽ ቀናው ቀና ብለው ጨርቅ በሚያዩበት ዓይን ልጃቸውን አዩአት። በፊታቸው ላይ ብዙ ጥያቄ ሲመጣና ሲሄድ አየሁ፤ አንዱንም አልጠየቁም። እምነት ወደ እንግዶቹ ተመልሳ ገባች። እኔ የተዋሱኝን ጠመኔ ልቀበል እጄን ዘረጋሁ፤ ጋሽ ቀናው ግን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

"እኔ ጋ ይቆይ" አሉኝ። "ሲመጣ ደግሞ ልክ መሆኑን ማየት አለብኝ።"